«አልዘጋ አለኝ»፦ የፕሮግራም መስኮት ሲዘጋ ሥራን በአግባቡ ስለማስቀመጥ

አክስቴ የደወሉልኝ አመሻሽ ላይ ነበር። ሱቅ ሊዘጉ ነው። «ይሄ ነገር አልዘጋ አለኝ እኮ ልጄ» አሉኝ። ይሄ ነገር ያሉት እኔ በፓይተን የጻፍኩላቸውን የዱቤ መዝገብ ነው። ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ይቀርበታል፣ ይህን የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም። ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ደጋግመው ይጫናሉ፤ መስኮቱ ንቅንቅ አይልም። ኤረር የለ፣ መልእክት የለ። እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «እትዬ፣ በቃ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ማጥፊያ ተጭነው ይያዙት፣ ይጠፋል» አልኳቸው።

እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ያ አልዘጋ ያለ መስኮት የቀኑን ዱቤ በሙሉ ይዞ ነበር። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ቀድሞ ተበላሽቷል፤ ደህናው መረጃ የቀረው ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም በእኔ ምክር ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። ፋይሉን በኖትፓድ ሳየው መሃል ላይ ተቆርጧል። ከፊሉን ከድሮው ደብተር፣ ከፊሉን ደግሞ ራሳቸው መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» ካሉ ደንበኞች መልሰን ሰበሰብን። የቀረው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ይህን የመዝጋት ነገር ቁጭ ብዬ ከስሩ አጠናሁት። እዚህ የምጽፈው ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው። ምሳሌዬ ፓይተንና ቲኪንተር (በፓይተን መስኮትና ቁልፍ የሚሠራበት መሣሪያ) ነው፤ መጨረሻ አካባቢ ስለ ሲ ሻርፕ፣ ጃቫና ኪውት በአጭሩ እጨምራለሁ። ሐሳቡ ግን የትም ያው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የኋላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። አክስቴ እስከዚያ ቀን ድረስ የደንበኛ ስም የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። በዚያ ቀን ልጃቸው የአማርኛ ኪቦርድ ጫነችላቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስም በፊደላችን ገባ። እኔ ኮዱን የጻፍኩት ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ ነው። እዚያ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ሳይነገረው ዩቲኤፍ 8 ይጠቀማል፤ የእኛንም ፊደል የሚይዘው አጻጻፍ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። እዚያ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ሰንጠረዥ) ካልነገራችሁት የሲስተሙን ነባሪ ይወስዳል፤ ያ ደግሞ ሲፒ 1252 የሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደሎች ሰንጠረዥ ነበር። እዚያ ውስጥ «ሀ» የለችም። «አበበ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

እና ኤክስ ሲነካ ምን ሆነ? የእኔ ፈንክሽን ፋይሉን ለመጻፍ ከፈተው። ለመጻፍ ስትከፍቱ የነበረው ይዘት በዚያው ቅጽበት ይደመሰሳል፤ ይሄን ልብ በሉት። ከዚያ መጻፍ ጀመረ፣ የአማርኛው ስም ላይ ሲደርስ ኤረር ወጣ፣ ፈንክሽኑ እዚያው ቆመ። መስኮቱን የሚያፈርሰው መስመር ከታች ስለነበር አልተደረሰበትም። ለዚህ ነው ያልዘጋው። ኤረሩስ? ቲኪንተር በኢቨንት (ቁልፍ እንደመጫን ባለ ክስተት) ውስጥ የሚወጣ ኤረርን ወደ ኮንሶል፣ ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ መስኮት፣ ነው የሚያትመው። ፕሮግራሙ ያለ ኮንሶል እንዲነሳ ስላደረግሁት ማንም አላየውም።

አንድ ቀላል ስህተት ከሌላው ጋር ተያይዞ ይሄን ሁሉ አደረሰ። አሁን አንድ በአንድ እንፍታው።

ኤክስን መጫን ማለት ጥያቄ ማቅረብ ማለት ነው

ብዙ ሰው ኤክስ ሲነካ መስኮቱ «እየተዘጋ ነው» ብሎ ያስባል። ገና ነው። ዊንዶውስ ለመስኮቱ «ደብሊው ኤም ክሎዝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ሊኑክስ ላይ በኤክስ ዊንዶው ሲስተም ደግሞ የመስኮት አስተዳዳሪው «ደብሊው ኤም ዲሊት ዊንዶው» የሚል ይልካል። ሁለቱም ትርጉማቸው አንድ ነው፦ ተጠቃሚው ዝጋ ብሏል፣ ምን ትላለህ? ፕሮግራማችሁ ምንም ካላለ ነባሪው መልስ እሺ ነው፣ መስኮቱ ይፈርሳል። ፕሮግራማችሁ መልስ ካለው ግን ውሳኔው የእናንተ ነው።

ቲኪንተር ሁለተኛውን ስም ወስዶ በሁሉም ሲስተም ላይ ይጠቀምበታል። በዋናው መስኮት ላይ «ፕሮቶኮል» የሚለውን ሜተድ ትጠሩና «ደብሊው ኤም ዲሊት ዊንዶው» የሚለውን ስም በትልልቅ ፊደል፣ ቃላቱ መሃል የታች መስመር አድርጋችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ቀጥሎ የራሳችሁን ፈንክሽን። ከዚያ በኋላ ኤክስ በራሱ ምንም አይዘጋም። «ዴስትሮይ»ን የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ካልጠራችሁት መስኮቱ ለዘላለም እዚያው ነው።

ፋይል ከሚለው ሜኑ ስር «ውጣ» የሚል ካላችሁ እሱም ይህንኑ ፈንክሽን ይጥራ። በቀጥታ «ዴስትሮይ»ን ወይም «ኲት»ን እንዳይጠራ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ በኤክስ ሲወጡ የሚጠይቅ፣ በሜኑ ሲወጡ ግን ዝም ብሎ ሥራ የሚጥል ፕሮግራም ሰርቼ አውቃለሁ። በነገራችን ላይ «ኲት» ዋናውን ዑደት ያቆማል እንጂ መስኮቱን አያፈርስም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

«ዴስትሮይ» የሚባለውን ኢቨንት ባይንድ አድርጋችሁ (ከፈንክሽን ጋር አስራችሁ) እዚያ ውስጥ ሴቭ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ፣ ተዉት። እዚያ ስትደርሱ ጊዜው አልፏል። በውስጡ ያሉት ሳጥኖችና ዝርዝሮች ከዋናው መስኮት ቀድመው ስለሚፈርሱ የጽሑፍ ሳጥኑን «ምን ተጽፎብሃል?» ብላችሁ ስትጠይቁት ኤረር ነው የምታገኙት። በዚያ ላይ ዋናው መስኮት ላይ ያሰራችሁት ባይንድ ለእያንዳንዱ ልጅ ዊጀትም (በውስጡ ላለ ቁልፍና ሳጥን ሁሉ) ስለሚቀሰቀስ አንዴ ይሆናል ያላችሁት ፈንክሽን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይጠራል።

መጠየቅ፣ ግን ሲያስፈልግ ብቻ

ምንም ያልተቀየረ ከሆነ አትጠይቁ። ሁልጊዜ የሚጠይቅ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ሳያነብ እንዲጫን ያለማምደዋል፣ የእውነት ቀን ሲመጣም ሳያነብ ይጫናል። ስለዚህ «ያልተቀመጠ ለውጥ አለ» የሚል አንድ ምልክት ያዙ። ከእሱ የተሻለው ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጣችሁትን ዳታ ቅጂ ይዞ አሁን ካለው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሰው ጽፎ መልሶ ካጠፋው ለውጥ የለም ማለት ነዋ። ትልቅ ዳታ ካልሆነ ይሄ በቂ ፍጥነት አለው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሰው ስምና የገንዘብ መጠን ጽፎ «መዝግብ» የሚለውን ሳይጫን ኤክስን ሊነካ ይችላል። ዝርዝሩ አልተቀየረም፣ ሳጥኖቹ ግን ባዶ አይደሉም። አክስቴ ደንበኛ ሲጠራቸው ይሄን ያደርጋሉ፣ ሁላችንም እናደርጋለን። ሳጥኖቹንም ቼክ አድርጉ።

ጥያቄው ሦስት መልስ ይኑረው፦ አስቀምጦ መዝጋት፣ ሳያስቀምጡ መዝጋት፣ ወደ ሥራ መመለስ። ቲኪንተር ለዚህ «አስክ የስ ኖ ካንስል» የሚባል ዝግጁ ሳጥን አለው። የመጀመሪያው ሲነካ እውነት፣ ሁለተኛው ሲነካ ሐሰት፣ ካንስል ሲነካ ወይም ሳጥኑ በራሱ ኤክስ ሲዘጋ ደግሞ «ነን»፣ ማለትም «ምንም»፣ ይመልሳል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። በፓይተን «ነን»ም በ«ኢፍ ኖት» ሲፈተሽ እንደ ሐሰት ነው የሚቆጠረው። «መልሱ እውነት ካልሆነ ዝጋ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ካንስል ያለ ሰው ሥራው ይጠፋበታል። «ነን መሆኑ»ን በመጀመሪያ፣ ለብቻው፣ በ«ኢዝ» ፈትሹ።

ሌላው ችግር ቁልፎቹ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። ዊንዶውስ ላይ ያ ሳጥን የሲስተሙን ቋንቋ ይከተላል፤ ጥያቄውን በአማርኛ ብትጽፉትም ቁልፎቹ «የስ» እና «ኖ» ሆነው በእንግሊዝኛ ይወጣሉ። «ሳያስቀምጡ ይውጡ?» ስትሉ «የስ» ማለት ማጥፋት ነው፣ «ያስቀምጡ?» ስትሉ «የስ» ማለት ማዳን ነው። ደክሞት ሱቅ የሚዘጋ ሰው ይሄን መለየት የለበትም። እኔ የራሴን ትንሽ መስኮት ሠራሁና ሦስት ቁልፍ አደረግኩበት፦ «አስቀምጥና ዝጋ»፣ «ሳታስቀምጥ ዝጋ»፣ «ተመለስ»። ቁልፉ ላይ ድርጊቱ ራሱ ሲጻፍ ጥያቄውን ያላነበበ ሰው እንኳ አይሳሳትም። የራሳችሁን ከሠራችሁ «ግራብ ሴት» ማድረግ አትርሱ፤ አለበለዚያ ጥያቄው ክፍት ሆኖ ሰውዬው ከኋላ ሌላ ነገር መጻፍ ይችላል።

አጻጻፉ ላይ እንቆይ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል። አብዛኛው ሰው የመዝጊያውን ፈንክሽን አሳምሮ ይጽፍና ሴቭ የሚያደርገውን በሦስት መስመር ይገላግለዋል። የእኔም ጥፋት እዚያ ነበር።

አንደኛ፣ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ 8» ብላችሁ ጻፉ። ሲጽፍም ሲያነብም። አማርኛ የሚነካው ፕሮግራም ላይ ይሄ ምርጫ አይደለም። መዝገቡን የማስቀምጠው በጄሰን፣ ዳታን በጽሑፍ በሚይዝ ቅርጽ፣ ነበር፤ የጄሰን ሞጁል ነባሪው ፊደሎቻችንን ወደ ቁጥር ኮድ ቀይሮ ስለሚጽፍ ችግሩ ላይታይ ይችላል። እኔ ግን ፋይሉ ሲከፈት በአማርኛ እንዲነበብ ብዬ «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን ሐሰት አድርጌው ነበር። ፍላጎቱ ትክክል ነበር፣ ኢንኮዲንጉን አለመናገሬ ነው ጥፋቱ።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ዳታውን ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ላይ አዘጋጁት። «ጄሰን ደምፕ»ን በቀጥታ ወደ ፋይሉ ከመልቀቅ በ«ደምፕስ» ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፣ ጽሑፉንም ወደ ባይት። ችግር ካለ እዚያ ይውጣ። ያኔ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ገና አልተነካም።

ሦስተኛ፣ በዋናው ፋይል ላይ በጭራሽ አትጻፉ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሌላ ጊዜያዊ ፋይል ክፈቱ፣ እዚያ ላይ ጻፉ፣ «ፍላሽ» አድርጉ፣ ቀጥሎ «ኤፍሲንክ»ን ጥሩ፣ ዝጉት፣ ከዚያ በ«ኦኤስ ሪፕሌስ» ጊዜያዊውን ወደ ዋናው ስም ቀይሩት። «ፍላሽ» ከፓይተን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው የሚያወጣው፤ «ኤፍሲንክ» ደግሞ ሲስተሙ በሜሞሪ ያቆየውን ወደ ዲስኩ እንዲያወርደው ያዘዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ስም መቀየሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ለምን መሰላችሁ? መሃል ላይ ምንም ነገር ቢሆን፣ መብራት ቢሄድ፣ ዲስኩ ቢሞላ፣ ኤረር ቢወጣ፣ የተበላሸው ጊዜያዊው ብቻ ነው። የትናንቱ ዋና ፋይል በቦታው አለ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ይሁን ያልኩትም ያለምክንያት አይደለም፤ ጊዜያዊው ሌላ ዲስክ ወይም ሌላ ፓርቲሽን ላይ ከሆነ «ሪፕሌስ» አይሠራም።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋናውን ፋይል ሌላ ፕሮግራም ከፍቶት ከያዘው «ሪፕሌስ» ፈቃድ የለህም ብሎ ይመልሳችኋል። አንቲቫይረስ ለአፍታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልተፈታ ለተጠቃሚው መናገር ነው።

እኔ በዚህ ላይ የሳምንቱን ቀናት ስም የያዙ ሰባት ቅጂዎችም አስቀምጣለሁ። ሰኞ የሰኞው ላይ፣ ማክሰኞ የማክሰኞው ላይ። ቦታ አይወስድም። ስህተቱ ከሦስት ቀን በኋላ ሲታወቅም መመለሻ አላችሁ።

ሴቭ ካልተሳካ፣ አትዝጉ

መስኮቱ እንዳይንጠለጠል ብለው «ዴስትሮይ»ን «ፋይናሊ» ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ሴቭ ተሳካም አልተሳካ መስኮቱ ይዘጋል። ንጹሕ ይመስላል። በእኔ ታሪክ ላይ አስቡት፦ አክስቴ ኤክስን ይጫናሉ፣ መስኮቱ ደስ በሚል ሁኔታ ይዘጋል፣ የቀኑ ዱቤ ግን በዚያው ቅጽበት ጠፍቷል፣ ማንም አያውቅም። አልዘጋ ማለቱ ይሻል ነበር። ቢያንስ ደወሉልኝ።

ስለዚህ ሴቭ የሚያደርገው ፈንክሽን መሳካቱንና አለመሳካቱን ይመልስ። ካልተሳካ መስኮቱ ክፍት ይቁም፣ ምክንያቱ ተጠቃሚው በሚገባው ቃል ይነገር፣ መውጫም ይሰጠው፦ እንደገና መሞከር፣ ወይም ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍላሽ ላይ፣ ማስቀመጥ። «ዳታው አልተቀመጠም። ኮምፒውተሩን አያጥፉ። ሌላ ቦታ አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑ።» ያን ቀን ይሄ አንድ መልእክት ቢኖር ኖሮ እኔም ያን ምክር አልሰጥም ነበር።

ከዚህ ጋር፣ ዋናው መስኮት ላይ «ሪፖርት ኮልባክ ኤክሴፕሽን» የሚባለውን በራሳችሁ ፈንክሽን ተኩት። በኢቨንት ውስጥ የሚወጣ ማንኛውም ያልታሰበ ኤረር እዚያ ይመጣል። ለተጠቃሚው መልእክት አሳዩ፣ ዝርዝሩን ሎግ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ሎጉም በዩቲኤፍ 8 ይሁን። ዝም የሚል ፕሮግራም ለማንም አይጠቅምም።

ማጽዳቱ፣ በቅደም ተከተል

ሴቭ ተሳክቷል እንበል። አሁን የቀረው የከፈታችሁትን መዝጋት ነው። ታይመሮች አሉ፣ ከጀርባ የሚሠሩ ትሬዶች (ከዋናው ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራሙ ክፍሎች) አሉ፣ ዳታቤዝ አለ፣ ምናልባት ፕሪንተር አለ።

በ«አፍተር» የቀጠራችሁት ነገር ካለ መለያውን ያዙና በ«አፍተር ካንስል» ሰርዙት። ካልሰረዛችሁት መስኮቱ ከፈረሰ በኋላ የሌለ ነገር ተጠራ የሚል ኤረር ያመጣባችኋል።

ትሬዶች ላይ ጠንቀቅ በሉ። ትሬዱን «ዴመን» ካላችሁት ፕሮግራሙ ሲያልቅ መሃል መንገድ ላይ ይቆረጣል፤ ፋይል እየጻፈ ከነበረ ግማሽ ጽፎ ይቀራል። ዴመን ካላላችሁት ደግሞ መስኮቱ ጠፍቶ ፕሮግራሙ ግን ከጀርባ ይቆያል፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ዳታቤዙንም ይዞት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ትሬዱን ራሱ በጨዋ ደንብ እንዲቆም መንገር ነው። የ«ኢቨንት» ዕቃ ፍጠሩ፣ ትሬዱ በየዙሩ ይየው፣ እናንተ ስትዘጉ «ሴት» በሉት።

ከዚያ ትሬዱ እስኪጨርስ መጠበቅ አለ። እዚህ ጋ በዋናው ትሬድ ላይ «ጆይን» ብላችሁ አትቁሙ። ያ ትሬድ አንድ ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ለማሳየት ቲኪንተርን ከጠራ ዋናውን ዑደት ይጠብቃል፣ ዋናው ዑደት ደግሞ እሱን ይጠብቃል፣ ሁለቱም ይተያያሉ። ይልቅ በ«አፍተር» በየ100 ሚሊሰከንዱ «አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የለም ሲል መስኮቱን አፍርሱ። እስከዚያ «በማስቀመጥ ላይ» የሚል ጽሑፍ አሳዩ፣ ሳጥኖቹንም ቆልፉ። መስኮቱን ግን ቀድማችሁ አትደብቁ። መስኮቱ የጠፋለት ሰው አለቀ ብሎ ኮምፒውተሩን ያጠፋል።

ተጠቃሚው ኤክስን ሁለቴ ሊነካ ይችላል፣ በተለይ ኮምፒውተሩ ሲዘገይ። ሁለተኛው ጥሪ እንዲመለስ አንድ ምልክት ያዙ። ሁሉም ሲጠቃለል ቅርጹ ይሄን ይመስላል፤ ወደምትጽፉበት ቋንቋ እናንተ መልሱት፦

ኤክስ ሲነካ፦
    እየዘጋሁ ከሆነ፦ ውጣ
    እየዘጋሁ ነው = እውነት
    ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ፦
        መልስ = ጠይቅ
        መልሱ «ተመለስ» ከሆነ፦
            እየዘጋሁ ነው = ሐሰት
            ውጣ
        መልሱ «አስቀምጥና ዝጋ» ከሆነ፦
            አስቀምጥ
            ካልተሳካ፦
                ምክንያቱን አሳይ
                እየዘጋሁ ነው = ሐሰት
                ውጣ
    ሳጥኖቹን ቆልፍ
    ታይመሮቹን ሰርዝ
    ትሬዱን «አቁም» በለው
    ትሬዱ መቆሙን በየ100 ሚሊሰከንዱ ተመልከት
    ሲቆም፦ ዳታቤዙን ዝጋ፣ መስኮቱን አፍርስ

መስኮቱ መጨረሻ ላይ መሆኑን አስተውሉ። አንዴ ከፈረሰ ለተጠቃሚው የምትናገሩበት ቦታ የላችሁም።

በኤክስ የማያልፉት መንገዶች

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። እስካሁን ያወራነው ሰው ኤክስን ነክቶ ሲወጣ ነው። መብራት ሲሄድ ኤክስ አይነካም። ፕሮግራሙ በታስክ ማናጀር በግድ ሲገደል፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ በ«ኪል 9» ሲመታ ፈንክሽናችሁ አይጠራም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እንዲጠራ «አት ኤግዚት» ላይ ያስመዘገባችሁትም እዚያ አይሠራም። ዊንዶውስ ራሱ ሲዘጋ ደግሞ ፕሮግራሞችን ይጠይቃል፣ የሚጠብቀው ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። እኛ አገር መብራት ሲሄድ የሚያስጠነቅቅ የለም፤ ዩፒኤስ ያለው ሱቅ ደግሞ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የቀኑን ሥራ ለመዝጊያው ሰዓት አታጠራቅሙ። ይሄ ነው ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው። «መዝግብ» ሲነካ በዚያው ቅጽበት ዲስክ ላይ ይውረድ። መዝጊያው ላይ የሚቀረው ያ ያልተመዘገበው የሳጥን ጽሑፍ ብቻ ይሁን። ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበት ፕሮግራም ከሆነ በየ30 ሰከንዱ ረቂቁን በሌላ ፋይል አስቀምጡ፣ በሰላም ሲዘጋ አጥፉት፤ በሚቀጥለው ሲከፈት ረቂቁ ካለ ባለፈው በሰላም አልተዘጋም ማለት ነው፣ «ያልተቀመጠ ሥራ ተገኝቷል፣ ይመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ የዱቤውን መዝገብ ከጄሰን ወደ ኤስኪውላይት፣ በአንድ ፋይል ወደሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ፣ አዛወርኩት። ለእንዲህ ያለ ሥራ እሱ ነው ትክክለኛው። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ያልተጠናቀቀውን ሥራ በሚቀጥለው ሲከፈት ራሱ መልሶ ያስተካክላል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። ፓይተን ውስጥ መረጃ ስታስገቡ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች) በራሱ ይከፈታል፤ «ኮሚት»፣ ማለትም አጽድቅ፣ ሳትሉ ግንኙነቱን ከዘጋችሁ ያስገባችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ያለ ምንም ኤረር። ግንኙነቱን በ«ዊዝ» ስትጠቀሙት ኮሚት ያደርጋል፣ ግንኙነቱን ግን አይዘጋም፤ ብዙ ሰው ይዘጋል ብሎ ያስባል። መዝጋቱ ለብቻው ነው።

ሁለተኛው ባክአፕ ላይ ነው። «ዋል» የሚባለውን አሠራር ካበራችሁ ከዳታቤዙ ጎን ሁለት ተጨማሪ ፋይሎች ይፈጠራሉ። አዲሱ መረጃ መጀመሪያ የሚገባው ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ግንኙነት በሰላም ሲዘጋ ወደ ዋናው ይጠቃለልና ይጠፋሉ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ፍላሽ ኮፒ ያደረገ ሰው የዛሬውን ሥራ ላያገኘው ይችላል። እነዚያን ፋይሎች ቆሻሻ መስሎት ያጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። ለአክስቴ «ወደ ፍላሽ ቅዳ» የሚል ቁልፍ ሠራሁላቸው፤ ውስጡ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ያለውን «ባክአፕ» የሚባል ሜተድ ይጠራል፣ ዳታቤዙ ክፍት እያለም ሙሉ ቅጂ ያወጣል።

በሌሎች ቋንቋዎች

ሲ ሻርፕ ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ኢቨንቱ «ፎርም ክሎዚንግ» ነው፤ «ካንስል»ን እውነት ስታደርጉት መስኮቱ ይቆያል። «ክሎዝ ሪዝን» የሚለው ማን እንደዘጋው ይነግራችኋል። ሰው ከሆነ ጠይቁ፤ ዊንዶውስ እየጠፋ ከሆነ አትጠይቁ፣ ረቂቁን ዝም ብላችሁ አስቀምጡ። ትልቁ ወጥመድ «አሲንክ» ነው፦ እዚያ ውስጥ ሥራው እስኪያልቅ ጠብቅ ለማለት «አዌት» ስትሉ ፈንክሽኑ ለጊዜው ይመለሳል፣ ፎርሙም ካንስል ስላልተባለ ሴቩ ሳያልቅ ይዘጋል። መጀመሪያ ካንስል አድርጉ፣ ሴቩን ጠብቁ፣ ሲሳካ ምልክት አቁማችሁ «ክሎዝ»ን ራሳችሁ ጥሩ። «ኢንቫይሮመንት ኤግዚት» ይህን ኢቨንት ሳይጠራ ስለሚያልፍ አትጠቀሙበት።

ጃቫ ስዊንግ ላይ «ጄፍሬም» በነባሪው ኤክስ ሲነካ ይደበቃል እንጂ ፕሮግራሙ አያልቅም። «ዱ ናቲንግ ኦን ክሎዝ» አድርጉትና «ዊንዶው ክሎዚንግ» ላይ ሥሩ። «ዊንዶው ክሎዝድ» የሚመጣው ከ«ዲስፖዝ» በኋላ ነው፣ ለጥያቄ አይሆንም። ኪውት ላይ «ክሎዝ ኢቨንት»ን ራሳችሁ ጽፋችሁ «አክሴፕት» ወይም «ኢግኖር» ትላላችሁ፣ አለቀ።

ሙከራው

ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ሰብሩት። ዊንዶውስ ላይ፣ በአማርኛ ስም ጽፋችሁ ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱ። ጽፋችሁ ኤክስን ነክታችሁ «ተመለስ» በሉ፣ ጽሑፉ በቦታው አለ? ጥያቄው ሲወጣ ጥያቄውን ራሱን በኤክስ ዝጉት። ኤክስን በፍጥነት ሦስት ጊዜ ንኩ። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ፕሮግራሙ ክፍት እያለ አንድ ለውጥ አድርጋችሁ ፍላሹን ንቀሉና «አስቀምጥና ዝጋ» በሉ፤ መስኮቱ ክፍት ቆሞ ምን እንደሆነ ሊነግራችሁ ይገባል። ከጀርባ ትሬድ እየሠራ ዝጉና ታስክ ማናጀር ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ፈልጉ።

በመጨረሻ 20 ዱቤ መዝግቡ፣ 21ኛውን ጽፋችሁ «መዝግብ» ሳትሉ ፕሮግራሙን በታስክ ማናጀር ግደሉት። ስትከፍቱት 20ውን ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ ገና ለሱቅ አልደረሰም።